አዲሱ ዳታቤዝ ምን ጨመረ?

አንድ ቀን፣ ሰኞ ጠዋት ነው፣ አቶ አንዳርጌ የክፍል ኃላፊዎቻቸውን ሰበሰቡ። አቶ አንዳርጌ የአንድ ሲሚንቶ አከፋፋይ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ፋይናንሱን የሚስታቸው ወንድም ይዞታል፣ ግዢውን የእህታቸው ልጅ፣ መጋዘኑን የአጎታቸው ልጅ። ባለፈው ወር «ሠራተኛ በዝቷል» ብለው ቅነሳ ሲያካሂዱ ታዲያ ከነዚህ አንዱም አልተነካም። የተሰናበቱት ለዓመታት ደፋ ቀና ሲሉ የኖሩ፣ ግን ለአቶ አንዳርጌ በሥጋም በጋብቻም የማይደርሷቸው ሰዎች ናቸው።

ጥሩዓይነት የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ናት። ከሷም ክፍል ሁለት ጎበዝ ሠራተኞች ሄደውባታል። ነገሩ አንጀቷን እንዳሳረራት ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ የደንበኛና የሽያጭ መረጃ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ስላረጀ አዲሱ ይገዛ ብላ ጠየቀች።

አቶ አንዳርጌ ወንበራቸው ላይ ተለጠጡ። «በሶፍትዌር እኔን ማንም አያታልለኝም። ቁጥሩን እየቀየሩ ያንኑ ነው የሚሸጡልን። እስቲ አስረጂኝ፤ የድሮው ምን ነበረው፣ አዲሱስ ምን ጨመረ?»

«የመጀመሪያው ደንበኛውን አንድ ሰንጠረዥ ላይ፣ ሽያጩን ሌላ ሰንጠረዥ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ሁለቱ አይተዋወቁም» አለች ጥሩዓይነት። «ቀጥሎ የመጣው አዛመዳቸው። የትኛው ሽያጭ የየትኛው ደንበኛ እንደሆነ ያውቃል።»

«እሱማ አለን። የአዲሱን ንገሪኝ።»

«አዲሱ ዝምድናውን ይጠብቃል። አንድ መዝገብ ሰርዝ ሲሉት መጀመሪያ ዘመድ እንዳለው ያጣራል። ከሌለው ወዲያው ይሰርዘዋል። ዘመድ ካለው ግን ማንም ቢያዘው ንክች አያደርገውም።»

አቶ አንዳርጌ ከት ብለው ሳቁ። ግራ ቀኝ ወደተቀመጡት ኃላፊዎች ዞር ዞር አሉና፣ «ሰማችሁ? በቃ ይሄው ነው! እስቲ ይሄ ምኑ ነው አዲስ?» አሉ።

«እውነትዎን ነው፣ ለእኛ መሥሪያ ቤት አዲስ አይደለም» አለች ጥሩዓይነት ረጋ ብላ። «ሶፍትዌሩ ነው ገና አሁን የደረሰብን።»

ከጠረጴዛው ዙሪያ ሳቅ ያመለጠው የመኪና ስምሪት ኃላፊው ብቻ ነበር። የቀሩት ዘመዶች ናቸው።