የድንቅነሽ ስፌት ቤትና የተቆረጠው ዋርካ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ። በዚህኛው ላም የለችም፤ ያለችው አንዲት የስፌት መኪና ናት። ባለቤቷ ወይዘሮ ድንቅነሽ ትባላለች። አዲሱ መንገድ ሱቋን ከጀርባ ጥሎት ካለፈ ወዲህ ገበያ ጠፍቶባት አንዷን መኪና ሸጣለች። ይቺኛዋም ከሄደች ስፌት ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው።

አንድ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከመርሳ ከተማ አንዲት ሙሽራ ደወለች። የራሷንና የስድስት ሚዜዎቿን ልብስ ልታሰፋ ነው።

«ቤትዎ የት ነው?»

«ከዋርካው ወረድ ብለሽ!»

«የቱ ዋርካ?»

«የተቆረጠው ነዋ!»

«እትዬ፣ እናቴ በስልክ ካርታ ላይ ያላየችው ቤት አትሄድም። እስከ ስምንት ሰዓት ካላገኘንዎት ሌላ ዘንድ መሄዳችን ነው።»

ድንቅነሽ ክው አለች። ፎቶ ኮፒ ቤት ወዳላት ጎረቤቷ ወደ ትርንጎ ሮጠች።

«ትርንጎዬ፣ ካርታው ላይ አስገቢኝ! ሙሽራዋ ያለ ካርታ አልመጣም አለች!»

«ታፔላሽን ፎቶ ሳላነሳ አላስገባም። ያንቺ ደግሞ ፊደሉ ለቋል፤ ማን ብዬ ላስገባሽ?»

ወደ ታፔላ ጸሐፊው ሮጠች።

«ጋሽ ቢተው፣ ታፔላዬን ይጻፉልኝ! ትርንጎ ያለ ታፔላ አላስገባም አለች፤ ሙሽራዋ ያለ ካርታ አልመጣም አለች!»

«ያለ መሰላል አልጽፍም። ባለፈው በርሜል ላይ ቆሜ የወደቅኩት ይበቃኛል።»

ሰባት ሰዓት አለፈ። ወደ ሰፈሩ ከመጣ ገና ሳምንቱ ወደሆነው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጭ፣ ወደ አንዳርጌ ሮጠች።

«ወንድሜ፣ መሰላልህን አውሰኝ! ጋሽ ቢተው ያለ መሰላል አልጽፍም አሉ፤ ትርንጎ ያለ ታፔላ አላስገባም አለች፤ ሙሽራዋ ያለ ካርታ አልመጣም አለች!»

አንዳርጌ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። «መሰላሉ ጓሮ ነው፤ ብቻሽን አታወጪውም። እኔ ደግሞ አልነሳም።»

«ተነሣ እንጂ! ቤቴ ሊዘጋብኝ ነው!» እንባዋ መጣ።

አንዳርጌ ግራ ቀኙን አይቶ አንሾካሾከ። «ሱሪዬ ከኋላ ተተርትሯል። ከጠዋት ጀምሮ በስልኬ ስፌት ቤት ስፈልግ ዋልኩ፤ በዚህ ሰፈር አንድም የለም ይለኛል።»

ድንቅነሽ ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት። «የለም ይልሃል? እኔ እዚህ ቆሜ!» መርፌዋን ከነክሩ ከአንገትጌዋ ነቀለች። «ዙር!»

ሱሪው ሲሰፋ መሰላሉ ወጣ። መሰላሉ ሲቆም ታፔላው ተጻፈ። ታፔላው ሲጻፍ ትርንጎ ቀለሙ ሳይደርቅ ፎቶ አነሳች። ፎቶው ሲነሳ ካርታው ድንቅነሽን አወቃት። ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ስልኳ ጮኸ።

«እትዬ፣ አየንዎት! እናቴ መኪና ውስጥ ገብታለች።»

ሙሽራዋ ከእናቷ ጋር መጣች፤ የሰባት ሰው ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ፤ የስፌት መኪናዋም ከቤቷ ሳትወጣ ቀረች። እናትየዋ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ሰው ቢጠይቀኝ ቤቱ የት ነው ልበል?»

«ከተቆረጠው ዋርካ ወረድ ብሎ» አለች ድንቅነሽ።

እኔም ተረቴን እዚህ ጋ ቋጠርኩት፤ እንዳይተረተርብኝ።