ዞር ብለው ያላዩት አስጎብኚ

አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፣ አቶ ይርዳው፣ ከሌሎች ዘጠኝ ኢትዮጵያውያን ጋር ፕራግን ሊጎበኙ ሄዱ። ስለ ከተማዋ ሲያነቡ ከርመው ስለነበር የማያውቁት ግንብ አልነበረም።

አስጎብኚያቸው ሰናይት ለትምህርት ሄዳ እዚያው የቀረች ወጣት ናት። ቢጫ ጃንጥላዋን ከፍ አድርጋ በእግር ትመራቸው ጀመር። ከድሮው የድንጋይ ድልድይ ሲደርሱ፣ «ይህ ድልድይ ስድስት መቶ ዓመት አልፎታል» አለች።

«መሠረቱ የተጣለው በፈረንጆች 1357 ነው! በደንብ ንገሪያቸው እንጂ» አሉ አቶ ይርዳው።

በየአደባባዩ እንዲሁ ሲያርሟት ቆዩ። በመጨረሻ ሰናይት ሳቀችና ጃንጥላውን ሰጠቻቸው።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ኮረብታው ላይ እስካለው ቤተ መንግሥት እርስዎ ይምሩን።»

ሰውየው ደስታቸውን አልቻሉትም። ደረታቸውን ነፍተው ረጅሙን ደረጃ ተያያዙት። የነገሥታቱን ስም ከነዘመናቸው እየጠሩ፣ በገዛ ድምፃቸው እየተደሰቱ ጫፍ ደረሱ።

«ጥያቄ ያለው?» ብለው ዞር አሉ።

ከኋላቸው የቆሙት ጃንጥላውን አይተው የተከተሉ ሁለት ጃፓናውያን ብቻ ነበሩ። በትሕትና ጎንበስ አሉላቸው።

አቶ ይርዳው ደንግጠው ቁልቁል ሮጡ። ጓደኞቻቸው ደረጃው አጋማሽ ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይካፈላሉ። ሰናይት ከተጓዦቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡትን የእማማ ወለላን ጉልበት ታሻለች።

«ምን ሆናችሁ?»

«ጉልበቴ እምቢ አለኝ ልጄ» አሉ እማማ። «ተጣራን እኮ! አንተ ግን ከነገሥታቱ ጋር ነበርክ።»

ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። አቶ ይርዳው መጀመሪያ አፈሩ፤ ኋላ ግን እሳቸውም ሳቁ። «አንቺስ ሰው ሳይጠፋብሽ እንዴት ነው የምትመሪው?» ሲሉ ሰናይትን ጠየቋት።

«ታሪኩን እርስዎ ይበልጡኛል፣ ጋሼ። እኔ በየአሥር እርምጃው ዞር ብዬ እማማን አያለሁ።»

መምህሩ ክንዳቸውን ለእማማ ሰጡ። እያረፉ፣ እየተጨዋወቱ አብረው ወጡ። ከላይ ሆነው ቀዩን የጣሪያ ባሕር ሲያዩ እማማ በጣታቸው እየጠቆሙ፣ «እዚያ በረንዳ ላይ ያንን አበባ የደረደረው ማን ይሆን?» አሉ።

«እንጃ እማማ» አሉ አቶ ይርዳው፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። «ግን እንዴት ያምራል!»

መንገዱን ማወቅ ብቻውን መሪ አያደርግም። ከፊት የሚሄድ ሰው ሥራው፣ ከሁሉ ኋላ የቀረው እንዴት እየመጣ እንደሆነ ማየትም ነው። በቤታችን፣ በመሥሪያ ቤታችን፣ በክፍላችን ከፊት የምንሄድ ሁሉ፣ ዞር ብለን ያየነው መቼ ነው?