ናፍጣ የማይጠጣው ፒክአፕ

በሁለት ወንዞች መካከል በሚገኝ ደጋማ ጫካ ውስጥ ሥርዓት ነበረ። ሥርዓቱም ለመያዝ የሚከብድ አልነበረም፤ ሰኮና ያለው ይሸከማል፣ ጥፍር ያለው ይፈርዳል። ጨው ከቆላው ሜዳ ወደ ደጋው ይወጣል። ያለ ጨው ሣሩ አይጣፍጥም፣ ጥጃም አይጠናም፤ ስለዚህ አህያው፣ በቅሎው፣ በሬው በየሳምንቱ አሞሌ ተጭነው ጉልበት ሰባሪ የሚባለውን ዳገት ይወጣሉ። ዳገቱ በአንድ ወገኑ እንደ ግድግዳ የቆመ አለት፣ በሌላው ወገኑ ቁልቁል ሲያዩት ራስ የሚያዞር ገደል ነው። በዚያ መንገድ ላይ የሚሠራው ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ «መንገድ ላይ የወደቀ የመንግሥት ነው» ይላል። መንግሥት ማለት ደግሞ አያ ጅቦ ነበር።

አያ ጅቦ ዙፋኑን የያዘው አንበሳው አርጅቶ ጥርሱ ሲረግፍ ነው። ጨካኝ አይባልም ነበር። በእግሩ የቆመ እንስሳ ነክቶ አያውቅም፤ ለዚህም በየዓመቱ ምስጋና ይቀርብለታል። የወደቀውን ግን ሕግ ያስገድደዋልና ይበላዋል።

በዚህ አገር ዳለቺት የምትባል አህያ ነበረች። ጀርባዋ ብርቱ፣ ንግግሯ ቁጥብ ነው። ባሏ ከሦስት ክረምት በፊት ጉልበት ሰባሪ ላይ ወድቆ የመንግሥት ሆኗል። የቀረቻት ቡሊት የምትባል አንዲት ልጅ ናት። ቡሊት አጥንቷ ሳይጠና ጭነት ጀመረች፤ ደረቷም ደካማ ነው። ትንሽ ጭስ ከነካት ስትስል ትውላለች።

አንድ በጋ ከወንዙ ማዶ አንድ ከርከሮ አሮጌ ፒክአፕ እየነዳ መጣ። ፒክአፑ ሲነሣ ያጓራል፣ ሲሄድ ይንገጫገጫል፣ ከኋላውም ጥቁር ጭስ ይተፋል። ነገር ግን የሃያ አህያ ጭነት በአንድ ጊዜ ዳገቱን ያወጣል።

«ውሰዱት» አለ ከርከሮው፤ «የአንድ በጋ ግጦሽ ለዘመዶቼ ከለቀቃችሁልኝ የእናንተ ነው።»

ሸካሞቹ ሾላው ሥር ተሰበሰቡ። በመጀመሪያ የተነሣችው በቅሎ ነበረች። «እንግዛው። ይጨሳል፤ እውነት ነው። የሚጨስ መኪና ግን ከሚወድቅ ልጅ ይሻላል» አለች። ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ መካከል አያ ጅቦ ቀበሮን አስከትሎ ደረሰ። ቀበሮ አፈ ንጉሡ ነው፤ ጌታው ያላለውንም ሳይቀር ይናገርለታል።

«ልጆቼ» አለ አያ ጅቦ፣ «እናንተ ስትሸከሙ እኔ እንቅልፍ አጣለሁ። ይህ ከርከሮ የሚሸጥላችሁ ሌላ አገር የጣለውን ነው። እኔ ያዘዝኩላችሁ ግን አዲስ ነው። ናፍጣ አይጠጣም፣ አይጨስም። ከፏፏቴው በሚወጣ ኤሌክትሪክ ይሄዳል። ዋጋውም ለድኻ የሚሆን ነው፤ የሦስት ቀን ሣር ብቻ። መስከረም ሲጠባ ይገባል። ጠብቁ።»

«አምናም መስከረም ብለውን ነበር» አለች በቅሎ።

«ደግ ነገር ይዘገያል» አለ አያ ጅቦ በሐዘኔታ፣ ወደ ማደሪያውም ተመለሰ።

ከዚያ አያ ቦራ ተነሣ። ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ በዕድሜም በጨዋነትም የሚከበር በሬ ነው። እሱ ሲናገር ጥጆች እንኳ ማመንዠካቸውን ያቆማሉ።

«ትከሻዬን እዩት» አለ። «ጨው የላጠው ትከሻ ነው። ከእኔ በላይ የሚቸኩል የለም። ግን አስቡበት። ያለን ግጦሽ አንድ ነው። ዛሬ ለአሮጌው ከሰጠነው፣ አዲሱ ሲመጣ በምን እንገዛዋለን? አሮጌው ደግሞ መንገድ ላይ ቢሰበር ማን ያውቅበታል? ጥቂት ወራት ነው። ስንት ዓመት የታገሥን እኛ ጥቂት ወራት አያቅተንም።»

ንግግሩ ልክ ነበረ። ያ ነበር ክፋቱ።

የሚገዛ ወደ በቅሎዋ፣ የሚጠብቅ ወደ አያ ቦራ እንዲቆም ተባለ። ሁለቱ ወገኖች እኩል ሆኑ። መሐል የቀረችው ዳለቺት ብቻ ነበረች። ባሏ የወደቀበትን መታጠፊያ አሰበች፤ በቅሎዋ እውነቷን ነው አለች በልቧ። ቡሊት ግን ከፒክአፑ ጭስ ሸሽታ ከአጠገቧ ቆማ እየሳለች ነበር።

«እማዬ፣ ሽታው ራሱ ያፍነኛል» አለቻት። «እስከ መስከረም ምን አለ? እችላለሁ።»

ዳለቺት ወደ አያ ቦራ ሄዳ ቆመች። ከርከሮውም «ጥበቃችሁን ያሳጥርላችሁ» ብሎ ፒክአፑን አስነሣ። በሳምንቱ ለማዶዎቹ አጋዘኖች እንደሰጠው ተሰማ።

መስከረም ጠባ፤ የተባለው አልገባም። ቀበሮ ሾላው ሥር ወጥቶ «መስከረም ተባለ እንጂ የየትኛው ዓመት መስከረም እንደሆነ አልተባለም» ሲል አስረዳ። አንዳንዶች ሳቁ። አያ ቦራ «ትዕግሥት» አለ። ጭነቱ ቀጠለ፤ በጋው አልፎ ክረምቱ ገባ። በዚያ ክረምት አንድ እንግዳ ነገር ነበረ። ጉልበት ሰባሪ ላይ የሚወድቁት ፈጥነው ይጠፉ ጀመር። ድሮ የጅብ ጩኸት ከሩቅ ይሰማል፣ ዘመድ ደርሶ ይሰናበታል። አሁን ግን ዞር ብለህ ስትመለስ መንገዱ ባዶ ነው።

በነሐሴ አንድ ረፋድ ጉሙ ገደሉን ሞልቶ መንገዱን ሸፍኖት ሳለ፣ ቡሊት መታጠፊያው ላይ ጉልበቷ ታጠፈ።

«እማዬ፣ ትንሽ ልረፍ።»

«እረፊ። ማንም ቢመጣ ‹አርፌ ነው› በይ። ሕጉ የወደቀን እንጂ ያረፈን አይልም» አለቻት ዳለቺት። የራሷን ጭነት በላይኛው ማረፊያ አራግፋ የልጇን ልትቀበል እየሮጠች ወጣች። እንደሮጠችም ጆሮዋን አቁማ አዳመጠች። የጅብ ድምፅ አልነበረም። ከዝናቡ በቀር ምንም አልነበረም።

ስትመለስ ቡሊት የለችም። ሁለት አሞሌ በዝናብ እየሟሙ ጭቃው ላይ ተጥለዋል። ከአጠገባቸው ሁለት ቀጥ ያሉ የጎማ መስመሮች ነበሩ፤ የከርከሮው ፒክአፕ ሜዳው ላይ ከተወው ጋር አንድ ዓይነት። ግን ሞተር አልሰማችም። የናፍጣ ሽታም የለም።

አያ ቦራ ዘንድ ሄደች። በሬው ደረቅ ቦታ ላይ ተኝቶ ያመነዥካል።

«አያ ቦራ፣ ልጄ የጠፋችበት ቦታ የጎማ ዱካ አየሁ።»

በሬው ቀና አላለም። «ኀዘን ዓይን ያታልላል፣ ልጄ። ጎማ ካለ ሞተር ይሰማ ነበር። ፈጣሪ ያጽናሽ።»

ዳለቺት አላለቀሰችም። ዘጠኝ ቀን እንደ ወትሮዋ ተጫነች። በአሥረኛው ቀን ጉሙ እንደገና ሲወርድ ከጓደኞቿ ወደ ኋላ ቀረች፤ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ጭነቷን እንደያዘች በጎኗ ተጋደመች። ዓይኗን ከደነች። የጠጠር መሰባበር ሰማች፤ ሌላ ምንም። ሽፋሽፍቷን ጥቂት ከፈት ስታደርግ አዲስ ነጭ ፒክአፕ ከጉሙ ውስጥ እንደ ደመና ቁራጭ ወጣ። ቀበሮ ይነዳል። አያ ጅቦ ከዝናቡ ተጠልሎ ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል።

ቀበሮ የጭነት ቦታውን ወደ እሷ ለማዞር ሲል የፒክአፑን አፍንጫ በሰያፍ ወደ ገደሉ አደረገው። ፍሬን አያያዝ ገና አልለመደም ነበር፤ ከጋሪ ነጂዎች የተማረውን አደረገና ከኋላ ጎማው ፊት ድንጋይ ሸጎጠ። ገመድ ይዞ መጣ።

«ጌታዬ፣ ይቺ እኮ ዳለቺት ናት። ‹እንጠብቅ› ብላ ሚዛኑን የደፋችልን።»

«የጠበቀ ሥጋ ይለሰልሳል» አለ አያ ጅቦ በመስኮቱ። «ልጇም ለስላሳ ነበረች። ፈጠን በል፤ ሸካሞቹ ሳይመለሱ።»

«አይሰሙንም ጌታዬ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ናፍጣውን ከልክዬ ይህን ያዘዝኩት በምን ምክንያት ይመስልሃል? ይህን ለአያ ቦራ ሳሳየው እንኳ ከኋላው መጥቶ እስኪቆም አልሰማውም። በነገራችን ላይ የዚህን ሳምንት ጨው አድርሰህለታል?»

«አድርሻለሁ። እሱ ከመጫን ነፃ ከሆነ ወዲህ ወፍሯል።»

ዳለቺት ሰማች። ቀበሮ ጎንበስ ብሎ እግሯን ሊያስር ሲል በኋላ እግሮቿ መታችው፤ አለቱ ላይ ተጋጭቶ ወደቀና ዳሌውን ይዞ ጮኸ። እሷ ተነሣች። ጭነቷ ተንሸራቶ ጭቃው ላይ ተዘረገፈ። ወደ ፒክአፑ ሄደችና ሰኮናዋን ከድንጋዩ ሥር አስገባች።

አያ ጅቦ በኋላ መስኮት ጆሮዎቿን አየ። በሩን ሊከፍት ሞከረ፤ በእሱ በኩል ያለው በር የሚከፈተው ወደ ገደሉ ነው። ቁልቁል አይቶ መልሶ ዘጋው።

«ዳለቺት! ደኅና ነሽ ለካ! ምነው፣ እንነጋገር እንጂ። ፒክአፑ የእናንተ ነው፤ ላስረክባችሁ ነበር። ዛሬውኑ ውሰዱት። ትንሽ ጠብቂኝ ብቻ፣ ልውረድ!»

«ጠብቄሃለሁ» አለችው ዳለቺት።

ድንጋዩን ፈነቀለችው፤ ከዚያም ዞራ የጭነት ቦታውን በር ባላት ኃይል ሁሉ ረገጠችው። ፒክአፑ ሲሄድ ድምፅ እንዳልነበረው ሲወድቅም ድምፅ አልነበረውም። ታች ወንዙ ጋ እስኪደርስ ድረስ የሚሰማው የአያ ጅቦ ጩኸት ብቻ ነበር፤ እሱም በመሐል ቆመ።

ቀበሮን በራሱ ገመድ አስራ እየጎተተች ሾላው ሥር ደረሰች። ሸካሞቹ ተሰበሰቡ። ታሪኩን ነገረቻቸው። ከዚያ ፍየል «ፒክአፑስ?» ብላ ጠየቀች።

«ገደል ገባ።»

«አዲስ ነበር?»

«አዲስ ነበር።»

በቅሎዋ በረዥሙ ተነፈሰች። «መግደልሽ ደግ አደረግሽ፣ እህቴ። አውርደሽ ብትገድዪው ግን ምን ነበር?»

ዳለቺት ወደ ቀበሮ ዞረች። ቀበሮን በሰኮናዋ ጫፍ ነካ አደረገችው። ቀበሮም የሚያውቀውን ሁሉ ተናገረ፤ ፒክአፑ የገባው ባለፈው መስከረም፣ በተባለው ቀን መሆኑን፣ አያ ቦራም በሳምንቱ እንዳየው፣ አይቶም ዝም እንዳለ። «እኔ መሪ ነው የያዝኩት እንጂ ሌላ ምን አደረግሁ?» እያለ ለመነ። ፈቱት፤ እያነከሰ ሄደ። ከቀበሮ ማንም ምንም ጠብቆ ስለማያውቅ የተቆጣበትም አልነበረም።

ሁሉም ወደ አያ ቦራ ዞረ።

«አርጅቻለሁ» አለ በሬው። «አያ ጅቦ ‹ብትናገር መጀመሪያ የምበላው አንተን ነው፤ ዝም ብትል አትጫንም› አለኝ። ያን ቀን ሾላው ሥር የተናገርኩትን አምኜበት ነበር፤ ያየሁት በኋላ ነው። ካየሁ በኋላ ምን ልበላችሁ? እናንተ እኮ ጠብቁ ስላችሁ ደስ አላችሁ።» ወደ ዳለቺት ቀና አለ። «አንቺም ከእኔ ጋር ቆመሻል።»

ይህን ባይል ይሻለው ነበር። ዳለቺት ቡሊት ስትስል የቆመችበትን ቦታ፣ ሁለት እርምጃ ያህል ቅርብ የነበረውን የበቅሎዋን ወገን አየችው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ «እርስዎ» ትለው ነበር።

«አዎ፣ ቆሜያለሁ» አለችው። «ነገ ደግሞ አንተ ከእኔ ጋር ትወጣለህ።»

በማግሥቱ ጨው የሚጫንበት ሜዳ ላይ አያ ቦራን የሁለት በሬ ጭነት ጫኑት። ተው ያለ የለም፤ በማሰር ልርዳ ያለውም ብዙ ነበር። ዳለቺት ማንንም አላስጠጋችም፤ ገመዱን ራሷ በጥርሷ ሳበች፣ ራሷ ቋጠረች። ከዚያ ከኋላው ሆና መንገድ ጀመሩ። አልመታችውም፤ አልሰደበችውም።

ለአንድ ዓመት ያልተጫነው በሬ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ላብ አጠመቀው። መታጠፊያው ላይ የፊት ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ፤ አንዱ ታጠፈ። ሌላውን እንደምንም አጽንቶ አንገቱን ወደ ኋላ መለሰ።

«ዳለቺት፣ ልጄ» አለ፣ «ፍቺልኝ።»

ከኋላ ያሉት ቆሙ። ከፊት የሄዱትም ዞረው ያዩ ጀመር። ቋጠሮውን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ ለመፍታትም አንድ እርምጃ ይበቃታል። ጉሙ ከገደሉ ሥር ቀስ እያለ ይወጣ ነበር። ከዚያ ሁሉ እንስሳ መካከል አንድም የተናገረ አልነበረም።