ሰው ሳይሞት የተነፋው ጥሩምባ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ እኔ ስናገር እናንተ እየተቀበላችሁኝ። ውባለም የምትባል ወጣት ነበረች። እህል ልታስፈጭ ብትሄድ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሞገስ በር ዘግቶ ደፈራት። ከዚያ ወዲያ የፈለገችው አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ ዳኛ ፊት ቆማ ቃሏን መስጠት። ትንሽ ነገር አይደለች? ቆይ ብቻ!

ዳኛው፣ «ፖሊስ ሳያቀርብሽ አልሰማሽም» አሉ። ወደ ፖሊስ ሄደች።

ፖሊሱ፣ «ምስክር አምጪና አቀርብሻለሁ» አለ። ምስክር የለ፣ ፖሊስ አያቀርብ፣ ዳኛ አይሰማ። ወደ እትዬ ላቀች ሄደች። እትዬ ላቀች ከወፍጮ ቤቱ ጎን ጎመን ይሸጣሉ፤ ጩኸቷን ሰምተዋል፣ እያለቀሰች ስትወጣም አይተዋታል።

«ልጄ፣ ሽማግሌዎቹ ይቆጡኛል» ብለው አቀረቀሩ። ሽማግሌ ይቆጣ፣ ምስክር ይፈራ፣ ፖሊስ አያቀርብ፣ ዳኛ አይሰማ።

ሽማግሌዎቹማ፣ «እሱ ያግባሽና ነገሩ በእርቅ ይለቅ። መንደሩስ ዝም ብሎ የለ?» አሏት። ያግባሽ! ጉድ እኮ ነው! መንደር ዝም ይበል፣ ሽማግሌ ይቆጣ፣ ምስክር ይፈራ፣ ፖሊስ አያቀርብ፣ ዳኛ አይሰማ።

የመንደሩን በር ሁሉ አንኳኳች። «እኛ ተጠራርተን የምንወጣው የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ነው» አሏት። ወደ ጥሩምባ ነፊው ወደ ጋሽ ደባልቄ ሄደች።

«ምን ነካሽ ልጄ? ሰው ሳይሞት እንዴት አድርጌ ልንፋ?» አሉ። ሰው አልሞተ፣ ጥሩምባ አይነፋ፣ መንደር ዝም ይበል፣ ሽማግሌ ይቆጣ፣ ምስክር ይፈራ፣ ፖሊስ አያቀርብ፣ ዳኛ አይሰማ። እኔ ብሆን እዚያው ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር።

እሷ ግን፣ «ጋሼ፣ ብሞት ይነፉልኝ ነበር?» አለቻቸው።

«እንዴታ!»

«እንግዲያው በሕይወት እያለሁ ይነፋልኝ» ብላ ጥሩምባውን ከግድግዳው አወረደችና ራሷ ነፋችው። ሴት ነፍታው አታውቅም! እናንተዬ፣ ያ ድምፅ! ሰማዩ የተቀደደ ነው የመሰለው። ይኸው አሁን እንኳ ሳወራው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

መንደሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግልብጥ ብሎ ወጣ። «ማን ሞተ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አለች ውባለም። «ሞገስ ደፈረኝ። እኔ ግን አለሁ።»

ጋሽ ደባልቄ ቆባቸውን አወለቁ። ይሄኔ እትዬ ላቀች የጎመን ቅርጫታቸውን ጥለው፣ «እኔ ሰምቻለሁ! በዓይኔ አይቻለሁ!» ብለው ጮኹ።

በሉ ተቀበሉኝ! ጥሩምባው ተነፋ፣ መንደሩ ወጣ፣ ሽማግሌው አፈረ፣ ምስክሯ መሰከረች፣ ፖሊሱ ሞገስን ይዞ ውባለምን አቀረበ። ዳኛው ቀና ቢሉ ግቢው፣ አጥሩ፣ መንገዱ ነጠላ በነጠላ ሆኗል።

«ተናገሪ» አሉ።

መንደሩ ዝም አለ፤ ሊሰማት። ውባለምም ተናገረች።