ለቅሶ ቤት የተተረጎመ ቃል

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ባልሆነ ዘመን፣ ከከተማ ወጣ ብሎ በተሠራ የጫማ ፋብሪካ ውስጥ ሊዩ የሚባል ቻይናዊ የምርት ኃላፊ ነበረ። ሌሎቹ ቻይናዎች ከሠራተኛው ጋር ሽሮ የሚበሉ፣ ሲቀለድባቸው አብረው የሚስቁ ነበሩ። ሊዩ ግን ያን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖሮ ከአማርኛ የያዘው «ቶሎ በል» የምትለዋን ብቻ ነው። እንጀራውን እዚህ ይበላል፣ ሀብቱን እዚህ ያፈራል፣ «እንደምን አደራችሁ» ማለት ግን ከበደው። ቋንቋ መማር ለምን የአንድ ወገን ዕዳ እንደሆነ የሚያስረዳ ሰው አልተገኘም።

በመካከል የቆመው ይርዳው ነበር፤ ውጭ አገር ተልኮ ቻይንኛ ተምሮ የመጣ አስተርጓሚ። ሊዩ «እነዚህ ጥቁሮች ሲፈጠሩም ሰነፍ ናቸው» ሲል፣ ይርዳው «እባካችሁ ትንሽ ፍጠኑ ይላችኋል» ይላል። ሠራተኛው ሊዩን ሲራገም ደግሞ «ያመሰግኑሃል» ብሎ ያቀብለዋል። እንዲህ እያለሰለሰ ብዙ ሰው ከመባረር አድኗል። ነፍሰ ጡር ሴቶች ተቀምጠው እንዲሠሩ ያስፈቀደውም እሱ ነው።

ፋንታዬ በስፌት ክፍል የምትሠራ ልጅ ነች። በምሳ ሰዓት ከቻይናዊቷ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ከሜይ ጋር ቃል ይለዋወጡ ነበር፤ እሷ አማርኛ ትሰጣለች፣ ሜይ ቻይንኛ ትመልስላታለች። አንድ ቀን የራሴን የቆዳ ንግድ ከፍቼ ለቻይናዎች ያለ ደላላ እሸጣለሁ የሚል ሐሳብ ነበራት። ቋንቋ ድልድይ ነው ሲባል ሰምታለች፤ በድልድዩ መጀመሪያ የተሻገረላት ግን ስድብ ሆነ። ሊዩ የሚለውንም፣ ይርዳው የሚቀባባውንም ሁሉ ትሰማለች፣ ስፌቷን ትቀጥላለች። ከተሳዳቢው ይልቅ ስድቡን የሚያሽሞነሙነው ሰው ያበግናት ነበር። እንጀራዬን አጣለሁ ብላ ዝም ትላለች፤ ስለ ዝምታዋም ራሷን ትጠላለች።

አንድ ቀን አስናቀ የሚባል ወጣት ሠራተኛ የመጋዘኑን ጣሪያ እንዲጠግን ታዘዘ። ወገቡ ላይ የሚያስረው ገመድ ጠየቀ። ሊዩ በቻይንኛ «ለጥቁር ምን ገመድ ያስፈልገዋል፣ ይውጣ» አለ። ይርዳው ደግሞ «ገመዱ እየመጣ ነው፣ እስከዚያ ጀምር» ብሎ ተረጎመለት። ፋንታዬ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ሁለቱንም ሰማች። አስናቀ ወጣ፣ ወደቀ፣ ሞተ።

በሠልስቱ ሊዩን ጎትጉተው ለቅሶ አመጡት። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ይርዳው ለአባትየው ለአቶ ዘለቀ አንድ ቃል እንዲናገር በጆሮው ለመነው። ሊዩ ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ በቋንቋው መለሰ።

«አንድ ጥቁር ቢወድቅ በር ላይ አሥር ቆሟል። የፈለግኸውን በላቸውና እንሂድ።»

ይርዳው ተነሣና «ልጃችሁ ልጄ ነበር፤ ሐዘናችሁ ሐዘኔ ነው ይላል» አለ።

አቶ ዘለቀ እያነቡ ተነሡ። የሊዩን ትከሻ ስመው የልጅ ሐዘን አያሳይህ ብለው መረቁት። ድንኳኑ በሙሉ አሜን አለ።

ፋንታዬ ያንን አሜን መዋጥ አቃታት። ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብላ ሊዩ ያለውን ቃል በቃል በአማርኛ አወጣችው። ከዚያም ወደ ሊዩ ዞራ በገዛ ቋንቋው «የመረቁህ ምን እንዳልክ ስላላወቁ ነው። አሁን አውቀዋል» አለችው። ሊዩ ዐመድ መሰለ። ወንዶቹ ሊመቱት የድንኳኑን ካስማ መንቀል ጀመሩ።

ይኼኔ የሟች ታላቅ ወንድም ሽፈራው ተነሣ። እሱም የፋብሪካው ሠራተኛ ነው፣ ቻይንኛ ግን አንድ ቃል አያውቅም። ጋቢውን አውልቆ ሊዩን አለበሰውና ፊት ለፊቱ ቆመ። «ለቅሶ የመጣ ሰው ከአባቴ ድንኳን ተደብድቦ አይወጣም» አለ። መኪናው ድረስ ሸኘው። በማግስቱ ጠዋት ግን ሠራተኛውን ይዞ የፋብሪካው በር ላይ ቆመና ሊዩ ሳይሄድ ማንም እንደማይገባ ተናገረ። ሥራ ቆመ። ቤት ውስጥ ልጆች ተራቡ፤ የገባ ሰው ግን አልነበረም።

በመጨረሻ የፋብሪካው ባለቤት ከቻይና መጡ፤ ሽማግሌ ናቸው። ሊዩን አሰናበቱና አቶ ዘለቀ ቤት ሄዱ። ሜይ በተማረችው አማርኛ አስተረጎመችላቸው። ከእንግዲህ በሊዩ ወንበር የሚቀመጠው የአገሩ ሰው ነው፣ ሰውየውንም የሟች አባት ይምረጡ አሉ።

ለወንበሩ የታጩት ሦስቱ፣ ይርዳው፣ ፋንታዬና ሽፈራው፣ አቶ ዘለቀ ፊት ቀረቡ።

ይርዳው «አባባ፣ እኔ ባላለሰልሰው ስንቱ ተባርሮ ነበር። ያን ቀንም የዋሸሁት የእርስዎን ልብ ልጠግን ብዬ ነው» አለ።

«ምርቃቴንስ ማን ይመልስልኛል?» አሉት።

ፋንታዬ እውነቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ካሁን በኋላም ማንም አያታልለንም አለች።

«ሊዩ ስለ ገመዱ ሲናገርም ሰምተሻል አሉ» አሏት። «ልጄ ሬሳ እስኪሆን የጠበቅሽው ምን ነበር?»

ፋንታዬ በይርዳው ተናደደች፣ በአቶ ዘለቀ ተናደደች፣ ከሁሉ ይልቅ በራሷ ተናደደች።

ሽፈራው ደም እንዳይፈስ አድርጌያለሁ፣ በሩንም ዘግቻለሁ አለ።

«ደግ አደረግህ ልጄ። ነገ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠህ የሚሉህን በማን ጆሮ ትሰማለህ?»

ሽፈራው ዞሮ ሁለቱን ተመለከተ።

አቶ ዘለቀ ማንንም ሳይመርጡ ቀሩ። የሊዩ ወንበር እስከ ዛሬ ባዶውን ነው ይባላል። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ መርዙን በማር የለወሰው ይርዳው፣ ሰምታ ዘግይታ የተናገረችው ፋንታዬ፣ ወይስ ቋንቋውን ሳይሰማ በሩን የዘጋው ሽፈራው፣ ወንበሩ የሚገባው ለማን ነው?