መስመር ያጣው ደም

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት እንዳትሉኝ። ላም የለበትም፣ በረትም የለበትም። ያለው አንድ ሆስፒታል ነው። ስሙን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁም ባልነግራችሁም "የእኛው ነው" ማለታችሁ አይቀርም።

በዚህ ሆስፒታል ስንቅነሽ የምትባል ሴት፣ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ደህና ናት፣ ታለቅሳለች። የእናቲቱ ደም ግን አልቆም አለ። አዋላጇ ሲስተር አስካለ የስንቅነሽን ሆድ በሁለት እጇ ተጭና ይዛ፣ አጠገቧ ወደቆሙት ወደ ስንቅነሽ እናት ወደ እማማ ዘርፌ ዞረች።

"እማማ፣ እኔ እጄን ከእሷ ላይ አላነሳም። እርስዎ ወርደው አንድ ከረጢት ደም ያምጡልኝ።"

ፍላጎቱ ይኸው ነው። አንድ ከረጢት ደም፤ ከዚያ ያለፈ የለም።

እማማ ዘርፌ ደረጃውን ተንደርድረው ወረዱና ደም ክፍል ገቡ። የክፍሉ ባለሙያ አቶ ዳምጠው ማቀዝቀዣውን ከፍቶ አሳያቸው፤ ደሙ ተደርድሮ ተቀምጧል። ግን የልጅዎ የደም ዓይነት የተጻፈበት ወረቀት ካልታተመ አልሰጥም አላቸው። በእርግዝናዋ ጊዜ ተመርምራለች፣ ውጤቱ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፤ እንደገና ልመርምር እንዳይል መመርመሪያው ካለቀ ሰንብቷል። ክፋት አይደለም። የማይስማማ ደም ይገድላል፤ እማማ ዘርፌም ይህ ስለገባቸው አልተከራከሩም። ብቻ ደም ያለ ወረቀት አልወጣም አለ፤ ስንቅነሽም ትደማለች።

ወደ ማተሚያው ዞሩ። ማተሚያው፣ እኔ ያለኝ ባዶ ወረቀት ነው፣ ኮምፒውተሩ ያልነገረኝን ከየት አምጥቼ ልጻፍ አለ። ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ። ኮምፒውተሩ ምንም አላለም፤ ፊቱ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ነገር ትሽከረከራለች። አቶ ዳምጠው "ሲስተም የለም" አለ። በእኛ አገር ይህ ቃል "ዝናብ መጣ" እንደማለት ነው፤ ሰው ጥግ ፈልጎ ይቀመጣል እንጂ አይሟገትም። እማማ ዘርፌ ግን አልተቀመጡም፤ የት ሄዶ ነው የሌለው ብለው ጠየቁ። ላይኛው ፎቅ አይቲ ክፍል፣ ኤፍራታ የምትባል ልጅ ታውቃለች ተባሉ። ደም ያለ ወረቀት አይወጣም፤ ወረቀት ያለ ኮምፒውተር አይታተምም፤ ኮምፒውተርም አልናገርም ብሏል፤ ስንቅነሽም ትደማለች።

ኤፍራታ ወንበሯን ለቃላቸው ነገሩን አስረዳቻቸው። ሲስተሙ አለ። የበሽተኛው ሁሉ መረጃ የተቀመጠበት ቋትም ጤነኛ ነው። ያለቀው ወደ ቋቱ የሚያደርሰው መስመር ነው። መስመሮቹ ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዱ ክፍል ሲፈልግ አንድ ይዋሳል፣ ጉዳዩን ሲጨርስ ይመልሳል፣ የተመለሰውን ደግሞ ሌላው ይወስዳል።

"እንደ እድር ድስት" አሉ እማማ ዘርፌ።

እንደ እድር ድስት። አሁን ግን ድስቱ ሁሉ ወጥቶ አልተመለሰም። ድሮ ፕሮግራሙ፣ ገጽ ከፍቶ ዝም ያለውን ሰው ራሱ ያስወጣና መስመሩን ወደ ቦታው ይመልስ ነበር። ሠራተኛው ተሰብስቦ "እያስወጣን ተቸገርን" ብሎ አቤት አለ፤ የሆስፒታሉ አለቃም ሰው ደስ ይበለው ብሎ ይህን ማስወጫ ከፕሮግራሙ አስነሳ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት የገባ አይወጣም፤ ከወጣሁ ተመልሼ አልገባም ብሎ ይፈራል። ስለሚፈራ አይወጣም፣ ስለማይወጣ መስመር ያልቃል፣ መስመር ስላለቀ ደግሞ የባሰ ይፈራል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

እማማ ዘርፌ መስመር ጨምሪበት አሏት። ከዚህ በላይ ብጨምር ቋቱ ራሱ ይወድቃል አለች። እንግዲያው ቁረጫቸው አሏት። የሚሠራበትን ከተጎለተው መለየት አልችልም፤ በግምት ብቆርጥ ቀዶ ጥገና ክፍል የጀመረው ይጠፋል አለች፤ ይህን ስትል ዓይኗ እንባ አቀረረ። አብዛኛውን የያዘው ፋርማሲ ነው፤ ለምነው ያስለቅቁ ብላ ላከቻቸው። ደም ያለ ወረቀት አይወጣም፤ ወረቀት ያለ ኮምፒውተር አይታተምም፤ ኮምፒውተር ያለ ቋት አይናገርም፤ ቋት ያለ መስመር አይከፈትም፤ መስመር ከፋርማሲ አልመለስም አለ፤ ስንቅነሽም ትደማለች።

ፋርማሲ ወረዱ። ፋርማሲስቱ ገዛኸኝ ገጽ በገጽ ላይ ከፍቶ ደርድሯል፣ እያንዳንዱ ገጽ አንድ መስመር ይዟል፤ አንዱ ለአሁን፣ አንዱ ለከሰዓት፣ ሌላው ምናልባት ለሚሆን ነገር። እማማ ዘርፌ ለመኑት። እሱም አዘነ፤ ማዘንስ በደንብ አዘነ። ግን እኔ ብለቅ ካርድ ክፍል አፈፍ ያደርገዋል እንጂ ለልጅዎ አይደርስም፤ መጀመሪያ እነሱ ይልቀቁ አላቸው። እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል ያለችው አህያስ ቢያንስ ልትሞት ነበር፤ ገዛኸኝ ምን ሊሆን እንደነበር እኔ አላውቅም። ደም ያለ ወረቀት አይወጣም፤ ወረቀት ያለ ኮምፒውተር አይታተምም፤ ኮምፒውተር ያለ ቋት አይናገርም፤ ቋት ያለ መስመር አይከፈትም፤ መስመር ከፋርማሲ አይመለስም፤ ፋርማሲ ካርድ ክፍል ሳይለቅ አልለቅም አለ፤ ስንቅነሽም ትደማለች።

ካርድ ክፍል ሄዱ። በመስኮቱ ፊት ሰልፉ እስከ ግቢው በር ተዘርግቷል፤ ከመስኮቱ ጀርባ ወይዘሮ እንግዳወርቅ ተቀምጣለች። እማማ ዘርፌ ሰልፉን ጥሰው ገቡ፤ ሰው ፊታቸውን አይቶ አሳለፋቸው። ወይዘሮ እንግዳወርቅም ብትሆን ምክንያት አላጣችም። ይህ ሁሉ ሕዝብ እየጠበቀኝ የያዝኳትን መስመር ብለቅ ምን ይውጠኛል አለች። ደግሞስ ከጠዋት ጀምሮ አንድ የምዝገባ ገጽ ከፍቶ አንዲት ፊደል ሳይጽፍበት የተቀመጠ ክፍል አለ፣ ምዝገባ በእኔ በኩል ስለሚያልፍ ስሙ እዚህ ይታየኛል፤ እሱ ይልቀቅና ያኔ እኔም እለቃለሁ፣ በልጆቼ እምላለሁ አለች።

"ማነው እሱ?" አሉ እማማ ዘርፌ።

"ወሊድ ክፍል።"

 እማማ ዘርፌ ሮጡ። ደም ያለ ወረቀት አይወጣም፤ ወረቀት ያለ ኮምፒውተር አይታተምም፤ ኮምፒውተር ያለ ቋት አይናገርም፤ ቋት ያለ መስመር አይከፈትም፤ መስመር ከፋርማሲ አይመለስም፤ ፋርማሲ ካርድ ክፍል ሳይለቅ አይለቅም፤ ካርድ ክፍል ወሊድ ክፍል ሳይለቅ አይለቅም፤ ወሊድ ክፍል ውስጥም ስንቅነሽ ትደማለች።

ሲስተር አስካለ እንዳለች ናት። እጇ አልተነሳም፤ ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል። እማማ ዘርፌ የሰሙትን ነገሯት። ሲስተር አስካለ ጥግ ላይ ወዳለው ኮምፒውተር ቀና ብላ አየች። ገጹ እንደተከፈተ ነው፤ ከላይ "የሕፃን ምዝገባ" ይላል፣ ከሥሩ ባዶ ነው።

"ለልጅቷ ብዬ ነው" አለች። "ስትወለድ መስመር አጥቼ ሳትመዘገብ እንዳትቀር ብዬ ከጠዋት ያዝኩላት። ከዚያ ወዲህ እጄ መቼ ነፃ ሆነ? እርስዎ ይዝጉት እማማ፤ ጥጉ ላይ ያለችውን መስቀል የመሰለች ምልክት ይጫኑ።"

እማማ ዘርፌ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ሲስተር አስካለ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ላይ እያለች፣ ተጫኑት። ለልጅ ልጃቸው ስም የተያዘው ባዶ ገጽ ጠፋ።

"እማዬ፣ በረደኝ" አለች ስንቅነሽ።

ነጠላቸውን አወለቁና አለበሷት። ከዚያ በመጡበት መንገድ ሮጡ።

ወሊድ ክፍል ለቋልና ካርድ ክፍል ለቀቀ፤ ወይዘሮ እንግዳወርቅ መሐላዋን አላጠፈችም። ካርድ ክፍል ለቋልና ፋርማሲ ለቀቀ። ፋርማሲ ለቋልና መስመር ተመለሰ። መስመር ተመልሷልና ቋት ተከፈተ። ቋት ተከፍቷልና ኮምፒውተር ተናገረ። ኮምፒውተር ተናግሯልና ወረቀት ታተመ። ወረቀት ታትሟልና ደም ወጣ። ያን ያህል የተቆላለፈው ነገር ለመፈታት ውሃ የመጠጣት ያህል እንኳ አልፈጀም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

እማማ ዘርፌ ቀዝቃዛዋን ከረጢት ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ወሊድ ክፍል ደረሱ።

ሲስተር አስካለ እጇን አንስታለች። ለእማማ ዘርፌ ጀርባዋን ሰጥታ እየታጠበች ነው፤ ውሃው እየፈሰሰ እሷ አትዘጋውም። ሕፃኗ ታለቅሳለች። ነጠላው እስከ ስንቅነሽ ግንባር ድረስ ተስቧል።

ስንቅነሽ አትደማም።

እማማ ዘርፌ ቆሙ።  ከዚያ ዞሩና ደረጃውን አንድ በአንድ እየረገጡ ወረዱ፤ ደም ክፍል ገብተው ከረጢቷን ለአቶ ዳምጠው ዘረጉለት።

"እንካ ልጄ፣ ሳትሞቅ መልሳት። የምትፈልጋት ሌላ እናት አትጠፋም።"

አቶ ዳምጠው ተቀብሎ ወደ ማቀዝቀዣው አስገባት፤ በሩንም ዘጋ። እማማ ዘርፌ እሪ ያሉት ከዚያ በኋላ ነው። ጩኸታቸው ካርድ ክፍል ተሰማ፣ ፋርማሲ ተሰማ፣ ላይኛው ፎቅ ኤፍራታ ዘንድ ተሰማ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ስብሰባ ተጠራ፤ የተነሳው ማስወጫም ወደ ቦታው ተመለሰ። ዛሬ በዚያ ሆስፒታል ገጽ ከፍቶ ዝም ያለን ሰው ፕሮግራሙ ራሱ ያስወጣዋል። ሠራተኛውም፣ እያስወጣን ተቸገርን ማለት ጀምሯል አሉ።

እንግዲህ ተረቴን መልሱ። አፌን በዳቦ አብሱልኝ አልልም፤ ዳቦውን ለሕፃኗ ስጡልኝ። እናንተ የያዛችሁትን ብቻ መልሱ።