አራቷን መስመር ብቻ ላክልኝ

አንድ ሰው ነበር። ሐዋሳ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። እህቱ ትርሲት ዓይነ ስውር ናት፤ ኮሌጅ ሕግ ትማራለች። መጽሐፉን ድምፅ አውጥቶ የሚያነብላት አንድ ነፃ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የቻለ ሰው ስህተቱን አርሞ ይልካል፣ የፕሮግራሙ ኃላፊ የሆነው ጠባቂ መርምሮ ያስገባዋል።

ታዲያ ይሄ ፕሮግራም ሰንጠረዥ ሲያጋጥመው ጭጭ! ፈተናዋ ደግሞ አሥር ቀን ቀርቶታል። የምታጠናው በኮሌጁ ኮምፒውተር ስለሆነ፣ ጠባቂው ያላጸደቀው እርማት አይደርሳትም።

ወንድሟ ሦስት ቀን ተቀምጦ ስህተቱን አገኘው። አራት መስመር ነው፣ አራት! ግን እግረ መንገዱን የሰውን ኮድ አየና አላማረውም። በየመስመሩ ያለውን ክፍተት ሁሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በራሱ ልማድ አሰለፈው። ከዚያ «ተስተካክሏል» ብሎ ላከ። በቃ፣ አንድ ቃል። ወንዶች ሲባሉ!

በማግሥቱ እርማቱ ከጠባቂው ተመለሰለት። «ለአንድ ስህተት አንድ እርማት። ምን እንደቀየርክ፣ ለምን እንደቀየርክ ጻፍ። ያልታመመውን መስመር አትንካ።»

ደሙ ፈላ። የጠባቂውን ስልክ ፈልጎ ደወለ። «ጌታዬ፣ እህቴ ልትወድቅ ነው፤ እርስዎ ስለ ክፍተት ያወራሉ?»

ጠባቂው፣ ጋሽ ምንውየለት፣ ሳቅ አሉ። «የኔ ልጅ፣ እኔም እንደ እህትህ ነኝ። ኮዱን የማነበው በጆሮዬ ነው። ክፍተት በነካህ ቁጥር መስመሩ ተቀይሯል ይለኛል። ሁለት ሺህ መስመር ነካህ እኮ! ብመልስልህም አልጣልኩትም፤ እያዳመጥኩ ስድስት መቶ ላይ ደርሻለሁ። ያንተን አራት ግን ገና አላገኘኋትም።»

ሰውየው ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይብቃዎት። ጆሮዎን ያሳርፉ» አለ።

አራቷን ብቻ ለይቶ እንዲህ ጻፈ፦ «ሰንጠረዥ ውስጥ ባዶ ሳጥን ሲያገኝ ዝም ይላል። እንዲያልፈው አድርጌያለሁ። እህቴ ፈተና አለባት።» እርማቱ ከምሳ በፊት ገባ።

ትርሲት ደወለች። «አነበበው! ድምፁ ግን አሁንም እንዳስጠላ ነው» እያለች ታለቅሳለች፣ ትስቃለች።

እስቲ ልጠይቃችሁ። መመሪያ ሲባል ለምን ፊታችን ይጠቁራል? ከመመሪያው ኋላ የደከመ ጆሮ እንዳለ ማን አሰበ?

ከእህታችሁ ጋር ስትታረቁስ ምን ትላላችሁ? «እሺ በቃ፣ ለሁሉም ይቅርታ!» ለየቱ? ወይ ደግሞ አንዷን ጥፋታችሁን ልትናገሩ ገብታችሁ የእሷን ጠባይ ከላይ እስከ ታች ታሰልፋላችሁ። አትሳቁ፣ እኔም አድርጌዋለሁ።

እግዚአብሔርማ ሁለቱን ሺህም ይሰማል፤ አይደክመውም። ሰው ግን ይደክመዋል።

እና ዛሬ ቤት ስትገቡ ያስቀየማችሁትን ሰው ጥሩት። ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩት፤ ለምን እንደሆነ ንገሩት። ሌላ ምንም አትንኩ። እስከዛሬ እናንተን እየሰማ የቆየው፣ ስላልጣላችሁ ነው።